የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሰለቸን ሙያው ነው ወይስ ንግዱ?

ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱ ደብዳቤዎች መካከል በእጃቸው ሠርተው ከሚሸጡ ባለሙያዎች የሚላኩት እየበዙ መጥተዋል። ጸሐፊዎቹ ሸክላ ሠሪዎች፣ ጥልፍ ጠላፊዎች፣ የቆዳና የጌጣጌጥ ሠራተኞች ሲሆኑ አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ቅሬታ አላቸው፤ በፍቅር የጀመሩት ሥራ መተዳደሪያ ከሆነ ወዲህ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። በዚህ እትም ከደብዳቤዎቹ መካከል አራቱን መርጬ መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ። የጠያቂዎቹን ስም ያላወጣሁት በራሳቸው ፈቃድ ሲሆን፣ ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች ሐሳባቸው ሳይጓደል አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሸክላ ሠሪ ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት በትርፍ ጊዜዬ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ከመደበኛ ሥራዬ ስመለስ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ጭቃ ላይ እቀመጥ ነበር። አሁን ሙሉ ጊዜዬን ለሸክላ ሰጥቻለሁ፤ ይሁንና ደንበኞቼ የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ሰማያዊ ኩባያ ብቻ ነው። ኩባያው በደንብ ይሸጣል፣ የቤት ኪራይም ይከፍልልኛል፤ እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ወደ መሥሪያ ክፍሌ ለመግባት እግሬ ይከብደኛል። ሰነፍ ሆኜ ነው ወይስ ሙያው ከመጀመሪያውም የእኔ አልነበረም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁለቱ አንዱንም አልልም። ሰነፍ ሰው ያንኑ ኩባያ ደጋግሞ እየሠራ፣ እያደረቀና እየተኮሰ ኪራዩን በወቅቱ አይከፍልም፤ ሙያው የእርስዎ ባይሆን ኖሮም ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ ሲሠሩ ውለው ማታ ጭቃ ላይ ባልተቀመጡ ነበር። ቀድሞ ምን እንደሚሠሩ የሚወስኑት እርስዎ ነበሩ፤ አሁን ግን የሚወስነው ኩባያው ሆኗል። በደብዳቤዎ ውስጥ ጭቃው አስጠላኝ የሚል ቃል አላገኘሁም፤ ያስጠላዎት ምርጫ ማጣትዎ ይመስለኛል። ሙያው ለሰለቸው ሰው የሚሰጠው ምክርና ንግዱ ለሰለቸው ሰው የሚሰጠው ምክር የሚገናኙ ስላልሆኑ፣ መፍትሔ ከመፈለግዎ በፊት የሰለቸዎት የቱ እንደሆነ መለየት ይኖርብዎታል።

የሚወዱት ነገር ክፍያ ሲገባበት ለምን እንደሚቀዘቅዝ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከተጨነቁበት ቆይተዋል። ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ ሥዕል መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ቡድን ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ከሳሉ ሽልማት እንደሚያገኙ አስቀድሞ ተነገራቸው፤ ሁለተኛዎቹ ሳይነገራቸው መጨረሻ ላይ ተሸለሙ፤ ሦስተኛዎቹ ምንም አልተሰጣቸውም። ከቀናት በኋላ ልጆቹ በነፃ ጨዋታ ሰዓታቸው ምን እንደሚያደርጉ ሲታይ፣ ሽልማት ተስፋ ተደርጎላቸው የሳሉት በሥዕል ላይ ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሳይጠብቁት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ከዚህ የምንረዳው ገንዘብ በራሱ ፍቅርን እንደማያጠፋ፣ ሰውን የሚያቀዘቅዘው “ይህንን የምሠራው ለዚያ ስል ነው” የሚለው ስሌት ቀድሞ ሲገባ መሆኑን ነው።

በእርግጥ ከሕፃናት ተነስቶ ኪራይ ስለሚከፍል አዋቂ መደምደም ያሳስታል። ለእርስዎ ይበልጥ የሚቀርበው የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ቴሬሳ አማቢሌ ከባልደረቦቿ ጋር በሙያቸው የሚተዳደሩ 23 አርቲስቶችን ይዛ ያካሄደችው ጥናት ነው። ከእያንዳንዱ አርቲስት 10 በትዕዛዝ የተሠሩና 10 ያለ ትዕዛዝ የተሠሩ ሥራዎች ተወስደው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማያውቁ ባለሙያ ዳኞች ቀረቡ። ዳኞቹ በእጅ ብቃት በኩል በሁለቱ መካከል ልዩነት አላገኙም፤ በፈጠራ በኩል ግን በትዕዛዝ የተሠሩትን ዝቅ አድርገው መዘኗቸው። ለእኛ ዋናው ነገር ከዚህ ቀጥሎ የተገኘው ነው፤ ትዕዛዙ እጃቸውን እንዳሰረው ሳይሆን አዲስ ነገር ለመሞከር ዕድል እንደሰጣቸው የተሰማቸው አርቲስቶች የሠሩት ሥራ፣ በትዕዛዝ የተሠራም ቢሆን በፈጠራው ከፍ ያለ ነጥብ አግኝቷል። እንግዲህ ትዕዛዝ መቀበልዎ ጥፋት አይደለም፤ መጠየቅ ያለበት ትዕዛዙ ለእርስዎ ውሳኔ ምን ያህል ቦታ እንደተወ ነው።

በሙያቸው ትልቅ ስም ያተረፉ ሰዎችም ከዚህ ፈተና አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ1902 በቪየና የተወለደችው ሸክላ ሠሪ ሉሲ ሪ፣ በ1938 ከናዚዎች ሸሽታ ለንደን ስትገባ በአዲሱ አገር የሚያውቃት ገዢ አልነበረም። በጦርነቱ ዓመታት እንጀራዋ የልብስ ቁልፍ ሆነ፤ ለፋሽን ቤቶች የሸክላ ቁልፎችን በጂፕሰም ቅርጽ ማውጫ እያተመች፣ የቁልፉ ቀለም ከሚሰፋበት ጨርቅ ጋር አንድ እንዲሆን ግሌዝ (ሸክላ ላይ ተቀብቶ ሲተኮስ እንደ መስታወት የሚሆን ሽፋን) እየቀመመች ትሸጥ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1946 አብሯት መሥራት ከጀመረው ከሃንስ ኮፐር ጋር ኩባያና ሳህን እየሠራች ወርክሾፗን በእግሩ አቆመች፤ ዛሬ በሙዚየም የሚታዩትን ሥራዎቿንም ከዚሁ ጎን ለጎን ትሠራ ነበር። እኔን የሚገርመኝ የቁልፉ ጉዳይ ነው። ለእያንዳንዱ ጨርቅ ቀለም መፈለግ አሰልቺ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ስለ ግሌዝ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ልምምድ ማግኘትም ከባድ ነው። የእርስዎ ሰማያዊ ኩባያም እንዲሁ የሚያስተምርዎት ነገር ቀርቶት እንደሆነ ወይም ጨርሶ ተሟጦ እንደሆነ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወደ ተግባሩ ስንመጣ፣ ኩባያውን እንዲያቋርጡ አልመክርዎትም። ኪራይ የሚከፍል ሥራ ሲቆም በቦታው የሚተካው ነፃነት ሳይሆን ጭንቀት ነው፤ በጭንቀት ውስጥ ሆኖ አዲስ ነገር የሚሞክር ሰው ደግሞ ብዙ አላየሁም። ይልቁንስ ለኩባያው ወሰን ያብጁለት። በሳምንት የተወሰኑ ቀናትን ለእሱ ይመድቡና በእነዚያ ቀናት በብዛት ይሥሩ፤ አንድ ቀን ቅርጽ ማውጣት፣ እርጥበቱ ሲቀንስ በማግስቱ ሥሩን መላግና እጀታ መግጠም፣ በሌላ ቀን ግሌዝ መቀባት። ሥራው በቅደም ተከተል ሲከማች ፍጥነት ያገኛል፤ የቀሩት ቀናትም ከኩባያ ነፃ ይሆናሉ። ትዕዛዙ ከተመደበው ቀን በላይ ከሆነ ቀን አይጨምሩ፤ ዋጋውን ከፍ ያድርጉት ወይም ደንበኛው ወረፋ ይጠብቅ።

ከዚህ በተጨማሪ በእያንዳንዱ የእቶን ጭነት አንዱን ጥግ ለራስዎ ያስቀሩ። መዳፍ በማይሞላ የሸክላ ቁራጭ ላይ አንድ ያልሞከሩትን የግሌዝ ቅልቅል ይቀቡና ከጀርባው መጠኑን በብረት ኦክሳይድ ጽፈው ከኩባያዎቹ ጋር ያስገቡት። እቶኑ የሚሞቀው ለኩባያው ስለሆነ ማገዶም ሆነ ኤሌክትሪክ አይጨምርብዎትም፤ እቶኑን የሚከፍቱበት ጠዋት ግን የማያውቁት ነገር የሚጠብቅዎት ጠዋት ይሆናል። እግርዎ የከበደው ከክፍሉ ውስጥ የሚያገኙትን ሁሉ አስቀድመው ስለሚያውቁት ሊሆን ስለሚችል ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እንዲህ ሲሞክሩ የተገኘውን አዲስ ሥራ ግን በዚያው ሳምንት ለሽያጭ አያውጡት። በመደርደሪያ ላይ ይቆይ፤ እርስዎም ይመልከቱት። ገና ሳይጠና ዋጋ የተለጠፈበት ሙከራ ሁለተኛ ሰማያዊ ኩባያ ይሆናል።

ጠዋት ላይ ስሜቱ እስኪመጣ መጠበቅንም ይተዉ። እንደ ልምዴ ስሜት ብዙ ጊዜ የሚመጣው እጅ ከተነካካ በኋላ ነው። ማታ ከመውጣትዎ በፊት ለማግስቱ የሚሆን ጭቃ መዝነው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ጠረጴዛ ላይ ይተዉት፤ ጠዋት የሚጠበቅብዎት ያንን ጭቃ ማሸት ብቻ ይሁን። አሽተው ሲጨርሱ ልተወው ካሉ ይተዉት። አብዛኛውን ጊዜ አይተዉትም።

ጥያቄ፦ የቆዳ ቦርሳ እሠራለሁ። ትዕዛዝ አላጣሁም፤ ወሩ ሲያልቅ ግን እጄ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ዋጋ ልጨምር ስል ቤተሰቦቼና ጓደኞቼ “ይህንን ማን ይገዛዋል?” ይሉኛል፤ እኔም አፍሬ መልሼ እቀንሳለሁ። ከዚያ ቦርሳውን ስሰፋ ንዴት ይይዘኛል፤ ሥራውን መጥላትም ጀምሬያለሁ። ወኔዬን እንዴት ልመልስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የእርስዎ ችግር የወኔ ሳይሆን የሒሳብ ነው፤ ይህን ስል ችግርዎን ለማቃለል አይደለም። በደመወዙ የተበደለ ሠራተኛ ሥራውን ቢጠላ ማንም አይፈርድበትም፤ እርስዎ ደግሞ ሠራተኛም አሠሪም ሆነው ራስዎን በድለዋል። ስለዚህ ማነቃቂያ ንግግር ከማዳመጥዎ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይያዙ።

አብዛኞቹ የእጅ ባለሙያዎች ዋጋ ሲያወጡ የቆዳውን፣ የክሩንና የዚፑን ዋጋ ደምረው፣ ለድካማቸው የሆነ ነገር ይጨምሩበታል። የሚረሳው ብዙ ነው። ቆዳ እንደ ጨርቅ በጥቅልል የሚመጣ ወጥ ነገር አይደለም፤ የሆዱ በኩል ይለጠጣል፣ ጠባሳና የነፍሳት ንክሻ ያለበት ቦታ ይወድቃል፣ ስለዚህ የከፈሉበት ቆዳ ሁሉ ቦርሳ አይሆንም። ዋጋው የሚሰላው ቦርሳው ላይ በገባው ቆዳ ብቻ ሳይሆን በተጣለውም ጭምር መሆን አለበት። ሌላው የሚረሳው ጠርዝ ማለስለስ ነው። ስፌቱ ስላለቀ ቦርሳው ያለቀ ይመስላል፤ ጠርዙን መላግ፣ ማርጠብ፣ መፈግፈግ፣ እንደገና መላግ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ደንበኛው በጣቱ ዳብሶ ጥራትዎን የሚያውቀውም በእሱ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የሚረሳ ነገር ግን ጊዜ ነው። ለምሳሌ በሳምንት 40 ሰዓት ይሠራሉ እንበል። ከዚህ ውስጥ ቆዳ የሚቆርጡበትና የሚሰፉበት 24 ሰዓት ሲሆን፣ የቀረው 16 ሰዓት ዕቃ በመግዛት፣ ከደንበኛ ጋር በመነጋገር፣ ፎቶ በማንሳት፣ በማሸግና ሒሳብ በመያዝ ያልፋል። ለዚያ 16 ሰዓት የሚከፍልዎት ማንም ስለሌለ ክፍያው ከ24ቱ ሰዓት መውጣት አለበት። 40ን ለ24 ስናካፍል 1.67 ገደማ ይመጣል፤ ይህም ማለት ጠረጴዛ ላይ 6 ሰዓት የፈጀ ቦርሳ በእውነቱ ከሕይወትዎ 10 ሰዓት ወስዷል ማለት ነው። ዋጋውን በ6 ሰዓት ካሰሉት አራቱን ሰዓት በነፃ ሰጥተዋል። እጅዎ ላይ የሚቀር ነገር የጠፋው በዚህ ቀዳዳ ሳይሆን አይቀርም። ለአንድ ወር ያህል ሰዓትዎን እየመዘገቡ የራስዎን ቁጥር ያውጡ፤ የእኔ ምሳሌ ከእርስዎ ጋር አንድ ላይሆን ይችላል።

በሱቅ በኩል የሚሸጡም ከሆነ፣ ሱቅ ብዙውን ጊዜ በጅምላ የገዛውን እጥፍ አድርጎ እንደሚሸጥ፣ በኮሚሽን ተቀብሎ የሚሸጥም እስከ ግማሽ ሊቆርጥ እንደሚችል አስቀድመው ያስቡ። ለራስዎ ገዢ በጅምላ ዋጋ እየሸጡ ለሱቅም በዚያው ዋጋ ካስረከቡ ከሁለቱ አንዱ ቅር መሰኘቱ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜ ቅር የሚሰኙት ግን እርስዎ ራስዎ ነዎት።

“ይህንን ማን ይገዛዋል?” ስለሚሉት ሰዎች አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ከእነሱ መካከል ከእርስዎ ቦርሳ ገዝቶ የሚያውቅ አለ? ቤተሰብ የሚያወጣው ዋጋ በራሱ ኪስ ልክ ስለሆነ፣ ከልብ ተቆርቁሮ የሚሰጠው ምክርም ስለማያውቀው ገዢ ምንም አይነግርዎትም። የሚሰሙት የገዙትን ይሁን። አዲሱን ዋጋ ከዛሬ በኋላ ለሚመጡ ትዕዛዞች ብቻ ያድርጉት፤ ቃል የገቡበትን በነበረው ዋጋ ይጨርሱ። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ግማሹን ቀብድ ይቀበሉ፤ ቀብድ የከፈለ ደንበኛ አይጠፋም፣ ቆዳውንም በራስዎ ገንዘብ አይገዙም። ዋጋው ከአቅሙ በላይ ለሆነበት ሰው ደግሞ ከቁራጭ ቆዳ የካርድ መያዣና የቁልፍ ማንጠልጠያ ሠርተው ያቅርቡለት እንጂ የቦርሳውን ዋጋ አይስበሩ። ዋጋ ሲጨምሩ የተወሰኑ ገዢዎች ይሄዱ ይሆናል። በዋጋ መጨመር ምክንያት ትዕዛዝ በሲሶ ቢቀንስና ገቢዎ ባለበት ቢቆም፣ ያተረፉት የሥራ ጊዜዎን ሲሶ ነው፤ ይህንን እንደ ኪሳራ የሚቆጥሩ ሰዎች መኖራቸው ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ ጥልፍ እጠልፋለሁ፤ የምሸጠውም በማኅበራዊ ሚዲያ ነው። አንድ ሥራ ፎቶ አንስቼ ለጥፌ ላይክ ካላገኘ ቀኑን ሙሉ መርፌ ለመያዝ ልቤ አይፈቅድም። የሌሎችን ሥራ ሳይ ደግሞ የእኔ ምንም መስሎ ይታየኛል። ስልኩን እንዳልተወው ደንበኞቼ ያሉት እዚያ ነው።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሊዮን ፌስቲንገር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስረዳው፣ ሰው ችሎታውን የሚለካበት ተጨባጭ መለኪያ ሲያጣ ራሱን ከሌሎች ጋር እያስተያየ መለካት ይጀምራል። ጥልፍ በሜትርም በኪሎም አይለካም፤ ስለዚህ ዓይንዎ ወደ ጎረቤት ቢሄድ አይፈረድብዎትም። ችግሩ ስልክ ላይ የሚያዩት ጎረቤት ተፈትቶ እንደገና የተጠለፈውን ቅጠል አያሳይዎትም፤ የእርስዎን ግን ከጀርባው ቋጠሮ ጭምር ያውቁታል። የራስዎን ጀርባ ከሰው ፊት ጋር እያስተያዩ መሆንዎን ልብ ይበሉ።

ላይክ ስለ ሥራዎ ጥራት የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው፤ ስለ ንግድዎ የሚናገረውም ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ዋጋ ጠይቀው የጻፉልዎትን፣ ያዘዙትንና ተመልሰው የመጡትን ይቁጠሩ። ተመልሶ የመጣ አንድ ደንበኛ ሥራዎ በእጅ ተይዞ፣ ታጥቦና ተለብሶ እንደተወደደ ያረጋግጥልዎታል፤ ፎቶ ይህንን ሊነግርዎት አይችልም።

ከስልኩ ጋር ያለዎትን ነገር ለማስተካከል ቆራጥነት ብቻ አይበቃም፤ ሰዓትና ቦታ መወሰን ይሻላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፒተር ጎልዊትዘርና ፓስካል ሺራን እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት የ94 ጥናቶች ግምገማ፣ “ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ” ብለው ሁኔታውን አስቀድመው የወሰኑ ሰዎች፣ ዓላማ ብቻ ካስቀመጡት በተሻለ ያሰቡትን እንደሚፈጽሙ አሳይቷል። የእርስዎ ውሳኔ ለምሳሌ “ጠዋት ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ስልኩ በሌላ ክፍል ይሆናል፤ አንድ ክር ጠልፌ ስጨርስ መልእክቶቼን አያለሁ” የሚል ሊሆን ይችላል። ፎቶውንም በየቀኑ ከማንሳት ይልቅ በሳምንት አንድ ቀን፣ በመስኮት ብርሃን፣ የተጠራቀመውን በአንድ ጊዜ አንስተው በየቀኑ እንዲወጣ ያዘጋጁት። የተለጠፈው ሥራ ከተሠራ ሳምንት ካለፈው፣ እርስዎ ሌላ ሥራ ላይ ስለሚሆኑ ዝምታው ያን ያህል አይጎዳዎትም።

በጥልፍ ላይ አንድ ሌላ ችግር አለ፤ ቀኑን ሙሉ ተሠርቶ ማታ የሚታየው ለውጥ የመዳፍ ያህል ነው። ቀደም ብዬ የጠቀስኳት ቴሬሳ አማቢሌ ከስቲቨን ክሬመር ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ባደረጉት ሥራ የ238 ሠራተኞችን ወደ 12,000 የሚጠጋ የዕለት ማስታወሻ መርምረው፣ ሰዎች በሥራቸው ደስ ባላቸው ቀናት ከሁሉ በላይ ጎልቶ የታየው ትርጉም በሚሰጡት ሥራ ትንሽም ቢሆን ወደፊት መራመዳቸው እንደሆነ አግኝተዋል። እንግዲህ እርምጃዎ እንዲታይዎት ማድረግ ይኖርብዎታል። አንድ ነጠላ ያልተጌጠ የጨርቅ ጥብጣብ ይያዙና ማታ ሥራ ሲያቆሙ መርፌው ላይ በቀረው ክር አንዲት አጭር መስመር ይጥለፉበት። ወሩ ሲያልቅ የዋሉበት ሁሉ በየቀለሙ ተደርድሮ ያገኙታል፤ ላይክ አይፈልግም። ሥራውንም ቅጠሉ ወይም አበባው ሲያልቅ ሳይሆን መሐል ላይ፣ መርፌው ክር እንደያዘ አቁመው ይነሱ። በማግስቱ ከየት እንደሚጀምሩ አያስቡም፤ የተጀመረች ቅጠል መጨረስ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የብር ጌጣጌጥ እሠራለሁ። ትዕዛዝ ተደራርቦብኛል፤ እረፍት ባደርግም ድካሙ አይለቀኝም፣ ደንበኛ ሲደውል ስልኩን ማንሳት ያስጠላኛል። ሌሊት ደግሞ አውራ ጣቴና ቀጥለው ያሉት ሁለት ጣቶቼ እየደነዘዙ ያስነሱኛል። እንዴት ራሴን ላነቃቃ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለጊዜው ራስዎን አያነቃቁ፤ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። አውራ ጣትን፣ ጠቋሚንና መሐል ጣትን ሌሊት የሚያደነዝዝ ሕመም በእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፍ ነርቭ ሲጫን የሚታይ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ሞረድና ፒንሳ ይዞ ለሚውል ሰው ደግሞ እንግዳ ነገር አይደለም። በጊዜ ከተያዘ በማታ ማሰሪያና በአሠራር ለውጥ የሚሻላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ከቆየ ግን የጣት ኃይል ሊቀንስ ይችላል። ለአንጥረኛ ከዚህ የሚቀድም የሥራ ጉዳይ የለም።

ስለ ድካሙ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ በሥራ መዛልን ከበሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር ከተያያዙ ክስተቶች መድቦ ሦስት ገጽታ ሰጥቶታል፤ ጉልበት መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መራቅ ወይም ሥራውን በጥላቻ ማየት፣ እንዲሁም የውጤታማነት መቀነስ። የእርስዎ ደብዳቤ ቢያንስ ሁለቱን ይናገራል። መነሻው ድርጅቱ እንዳለው በአግባቡ ያልተያዘ የሥራ ጫና ስለሆነ፣ ጫናው ሳይቀንስ የሚወሰድ እረፍት ለእርስዎ እንዳልሠራ ራስዎ መስክረዋል። ለጊዜው ገቢ ለማረጋጋት በሳምንት የተወሰነ ቀን ተቀጥሮ መሥራት ወይም ማስተማርም አለ፤ ይህንን እንደ ሽንፈት የሚያዩትን ሰዎች አይስሟቸው፤ ኪራይ በሌላ በኩል ሲከፈል ጌጣጌጡ ከጭንቀት ነፃ ይወጣል።

የስልኩ ነገር ግን ዛሬ መፍትሔ ይፈልጋል፤ የሚያስፈራዎት ደዋዩ ሳይሆን ያልተነገረው መዘግየት ነውና። የያዙትን ትዕዛዝ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ይጻፉ፤ ለእያንዳንዱ እጅዎ እንደታመመ ቆጥረው በእውነት የሚደርሱበትን ቀን ይስጡት፤ ከዚያም አዲስ ትዕዛዝ መቀበልዎን ያቁሙና ለሁሉም አጭር መልእክት ይላኩ፦ “ትዕዛዝዎ ዘግይቶብኛል፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የማስረክብዎት በዚህ ቀን ነው። መጠበቅ የማይችሉ ከሆነ ቀብድዎን እመልሳለሁ።” ረጅም ማብራሪያ አይጨምሩበት። አብዛኛው ሰው ቀኑን ካወቀ ይጠብቃል፤ ቀብዱን የሚጠይቅ ካለ በዚያው ቀን ይመልሱለትና ስሙን ከወረቀቱ ላይ ይሰርዙ።